32 ዓመት በመም ላይ፦ የሜርሊን ኦቲ ሩጫ



በአገራችን የአትሌት ወሬ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ስንት ወርቅ አላት?» ይባላል። ዛሬ የምነግራችሁ ሯጭ በዚህ ጥያቄ ከተመዘነች የኦሊምፒክ ሚዛኗ ባዶ ነው። በሰባት ኦሊምፒኮች ተሰልፋ ዘጠኝ ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ሦስቱ ብር፣ ስድስቱ ነሐስ ናቸው። ወርቅ አንድም የለም። እኔ ግን እዚህ የቆምኩት፣ የአጭር ርቀት ሩጫ ካፈራቸው ሴቶች ሁሉ እንደ ጃማይካዊቷ ሜርሊን ኦቲ ልናውቃቸው የሚገቡ ብዙ የሉም ብዬ ልከራከር ነው። ዛሬ ማታ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

እኛ የረጅም ርቀት ሕዝብ ነን። ደራርቱ ቱሉ የኒው ዮርክን ማራቶን በ2009 ስታሸንፍ ዕድሜዋ 37 ነበር፤ ደስ አለን እንጂ እንዴት ሆነ ብለን ግራ አልተጋባንም። ቀነኒሳ በቀለ 41 ዓመት ሞልቶት ለንደን ላይ 2፡04፡15 ሲሮጥ አደነቅነው፤ ግን ሊሆን የሚችል ነገር እንደሆነ እናውቅ ነበር። ትንፋሽ፣ ትዕግሥትና የዓመታት ልምምድ ዕድሜን ለጊዜው ያስታግሱታል። ፍጥነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰው አካል ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው።

በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የክብደቱን ብዙ እጥፍ ኃይል ወደ መሬት ማሳረፍ አለበት። ይህን ሥራ የሚሠሩት ቶሎ የሚኮማተሩት የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ፈጥነው የሚሳሱትም እነሱ ናቸው። ጅማት ይደርቃል፣ የጭን የኋላ ጡንቻ በትንሽ ጉተታ ይቀደዳል፣ ቁስሉም ለመዳን እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ የአጭር ርቀት ሯጮች 30 ዓመትን ሲሻገሩ ጫማቸውን ይሰቅላሉ። የማራቶን ሯጭ አንድ ቀን ሰውነቱ ከበደው ቢባል በዘዴ ሊሮጥ ይችላል። የ100 ሜትር ሯጭ ዘዴ የሚያወጣበት ጊዜ የለውም፤ 11 ሰከንድ ነው ያለው።

እንግዲህ ይህንን ይዛችሁ የሚቀጥለውን አንድ ቁጥር ስሙ። ሜርሊን ኦቲ በሕይወቷ ከሮጠቻቸው የ100 ሜትር ውድድሮች ሁሉ ፈጣኑን፣ 10.74 ሰከንድን፣ የሮጠችው በመስከረም 1996 ሚላን ላይ ነው። ዕድሜዋ 36 ነበር።

አሁን ወደ መነሻዋ እንሂድ። የተወለደችው ግንቦት 10 ቀን 1960 ነው፤ ቦታው ሃኖቨር በሚባለው የጃማይካ ምዕራባዊ አውራጃ፣ ኮልድ ስፕሪንግ የምትባል የገጠር መንደር። ጃማይካ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ አገር አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀውን ሕዝብ ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ያኔ ሜርሊን ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት የቀሯት የገጠር ልጅ ነበረች።

ጃማይካ ውስጥ የትምህርት ቤቶች ሩጫ ቀልድ አይደለም። «ቻምፕስ» የሚሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ከ1910 ጀምሮ የሚካሄድ ነው፤ ስታዲየም ጢም ብሎ ይሞላል፣ ቤተሰብ ለልጁ ትምህርት ቤት ጎራ ለይቶ ይጮኻል። የዓለም ታላላቅ ፈጣኖች ከዚያች ትንሽ ደሴት የሚወጡበት ምስጢር ምን እንደሆነ ለሚጠይቁ ሁሉ፣ እኔ ከማንኛውም የደም ወይም የምግብ ማብራሪያ በፊት ይህንን የልጆች ውድድር አስቀምጣለሁ። ሜርሊንም ያደገችው በዚህ ውስጥ ነው፤ ከተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ በክላረንደን ያለው ቪር ቴክኒካል ነው። የዚህን ትምህርት ቤት ስም ያዙልኝ፤ በኋላ አንዲት ሌላ ልጅ ከዚያው ትመጣለች።

በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲካሄድ ሜርሊን 16 ዓመቷ ነበር። የአገሯ ልጅ ዶናልድ ኳሪ በ200 ሜትር ወርቅ፣ በ100 ሜትር ብር ሲያገኝ በሬዲዮ ሰማች፤ ሩጫን የምር እንድትይዘው ያደረጋት ይኸው ሥርጭት እንደነበር ይነገራል። እኛ በዚያ ኦሊምፒክ አልነበርንም፤ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ራሷን አግልላ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሜርሊን አሜሪካ ገባች፤ ለኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ እየሮጠች ተማረች።

ሞስኮ፣ 1980። ይህ ኦሊምፒክ ለእኛ ምሩጽ ይፍጠር ነው፤ 10 ሺህና 5 ሺህ ሜትርን ጠቅልሎ የወሰደበት። በምሩጽ ሁለት ወርቆች መካከል ባሉት ቀናት፣ በዚያው የሌኒን ስታዲየም መም ላይ የ20 ዓመቷ ሜርሊን ኦቲ የ200 ሜትር ፍጻሜዋን ሮጠች። ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ቤርቤል ቮኬል በ22.03 አሸነፈች። ሶቪየታዊቷ ናታሊያ ቦቺና በ22.19 ሁለተኛ ሆነች። ሜርሊን 22.20 ገባች። ከብሩ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ተበለጠች፤ ነሐስ አገኘች። ጃማይካዊት ሴት በኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስታገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ያችን አንድ መቶኛ ሰከንድ አትርሷት፤ በዚህች ሴት ሕይወት ውስጥ እየተመላለሰች ትመጣለች።

የሚቀጥሉትን ዓመታት ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። በ1982 ብሪስበን ላይ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የ200 ሜትር ወርቅ ወሰደች። በ1983 ሄልሲንኪ ላይ የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲካሄድ በ200 ሜትር ብር አገኘች። በ1984 ሎስ አንጀለስ ሁለት ነሐስ፣ በ1987 ሮም ሌላ ሁለት ነሐስ። በ1988 ሴኡል ላይ ተጎድታ ከ100 ሜትር ወጣች፤ በ200 ሜትር አራተኛ ሆነች። በ1990 ኦክላንድ ላይ ሁለቱንም የኮመንዌልዝ ወርቆች ወሰደች። ከትልቁ መድረክ ውጭ ባሉት የአውሮፓ ውድድሮች ለረጅም ጊዜ የሚያሸንፋት ጠፋ። ከዚያ በ1991 ቶኪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ደረሰና ጀርመናዊቷ ካትሪን ክራበ ሁለቱንም ርቀት ወሰደች፤ ሜርሊን እንደገና ሁለት ነሐስ። በዱላ ቅብብሉ ግን ጃማይካ ወርቅ አገኘች። ቶኪዮ ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብራስልስ ላይ 200 ሜትርን በ21.64 ሮጠች። ይህ ሰዓት እስከ ዛሬ ድረስ በታሪክ ፈጣን ከሚባሉት ተርታ ነው።

የጋዜጣ ሰዎች «የነሐስ ንግሥት» ብለው ስም ያወጡላት በእነዚህ ዓመታት ነው። እኔ ይህን ስም አልወደውም። ዘመኑን ያላየ ሰው የሚሰጠው ስም ነው። ከበርሊን ግንብ መፍረስ በኋላ በወጡት ሰነዶች፣ ምሥራቅ ጀርመን አትሌቶቿን በመንግሥት ደረጃ አበረታች መድኃኒት ስትሰጥ እንደኖረች ተረጋግጧል። በ1980ዎቹ ከዚያች አገር ሴቶች ጎን ተሰልፎ ሦስተኛ መውጣት ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ሰው በነሐስ አይቀልድም።

ባርሴሎና፣ 1992። ደራርቱ ቱሉን ዓለም ያወቀባት ኦሊምፒክ። ኢትዮጵያ በ1984ም በ1988ም ቀርታ የተመለሰችበት ነው። በዚያ ኦሊምፒክ የሴቶች 100 ሜትር ፍጻሜ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጌይል ዴቨርስ 10.82፤ ጁሊየት ከትበርት 10.83፤ ኢሪና ፕሪቫሎቫ 10.84፤ ግዌን ቶረንስ 10.86፤ ሜርሊን ኦቲ 10.88። አንደኛዋንና አምስተኛዋን የለያቸው ስድስት መቶኛ ሰከንድ ነው። አምስተኛ የወጣ ሰው በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ አይጻፍም፤ ግን ያን ምሽት ከአንደኛዋ እስከ አምስተኛዋ በአንድ በር ተጨናንቀው ነው የገቡት። በ200 ሜትር ሜርሊን ሦስተኛ ሆነች። 32 ዓመቷ ነበር፤ ማንም ጤነኛ አስተያየት ሰጪ «በቃ» ቢላት ተሳሳትክ አይባልም ነበር።

አላቆመችም። በየካቲት 1993 ፈረንሳይ ሊዬቫን ላይ፣ በቤት ውስጥ መም፣ 200 ሜትርን በ21.87 ሮጠች። ሴት ልጅ ጣሪያ ሥር ከ22 ሰከንድ በታች ስትሮጥ የመጀመሪያው ነበር። የቤት ውስጥ መም ኩርባው ጠባብ ነው፣ ዳርቻው ወደ ላይ የተጋደለ ነው፤ በዚያ ላይ እንዲህ መሮጥ ለኩርባ የተፈጠረ እግር ይጠይቃል። ሜርሊን ኩርባ ላይ ስትሮጥ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጉልበቷ ከፍ ብሎ እየተነሣ፣ ትከሻዋ ሳይወጣጠር፣ ፊቷ እንደተረጋጋ ትዞራለች።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ሽቱትጋርት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የዚህች ሴት ታሪክ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠቃሎ የሚታይበት ቦታ ነው። የ100 ሜትር ፍጻሜ ላይ ዴቨርስ ከመነሻው ፈንጥቃ ወጣች፤ ሜርሊን እንደ ልማዷ ከኋላ ተነሥታ እየደረሰችባት ሄደች፤ ሁለቱም እኩል ወደ መስመሩ ወደቁ። ሰሌዳው ላይ የሁለቱም ሰዓት 10.82 ሆነ። አሁን ማን አሸነፈ?

ለዚህ የሚዳኘው ፎቶ ፊኒሽ ነው። ካሜራው እንደ ተራ ካሜራ ሜዳውን ሁሉ አያነሣም። የሚያየው የመጨረሻውን መስመር ብቻ፣ እጅግ ቀጭን ስንጥቅ ነው፤ ያችን ስንጥቅ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያነሣ ጎን ለጎን ይደረድራታል። ስለዚህ የምናየው ምስል የቦታ ሳይሆን የጊዜ ምስል ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ርቀት ሁሉ ሰዓት ነው። ዳኛው በዚያ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያንቀሳቅሳል። ራስ አይቆጠርም፣ አንገት አይቆጠርም፣ እጅና እግርም አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ግንዱ ብቻ ነው፤ ደረት ወይም ትከሻ መስመሩን ሲነካ። መቶኛው እኩል ከሆነ ወደ ሺኛው ይሄዳሉ። በዚያ ፍጥነት አንድ ሺኛ ሰከንድ ማለት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ርቀት ነው። ዳኞቹ ያችን ልዩነት አይተው ወርቁን ለዴቨርስ ሰጡ። ጃማይካ አቤት አለች፤ አልተቀበሏትም። ሜርሊን ብሩን ልትቀበል ስትወጣ የሽቱትጋርት ሕዝብ ብድግ ብሎ ለደቂቃዎች አጨበጨበላት።

ከሦስት ቀን በኋላ 200 ሜትር። ኩርባውን ቀድማ ወጣች። ቀጥታው ላይ ቶረንስ እየቀረበች፣ እየቀረበች መጣች፤ ሜርሊን ግን አልተሰበረችም፤ በ21.98 ገባች፣ ቶረንስ 22.00። ከሞስኮ በኋላ 13 ዓመት ቆይታ፣ በ33 ዓመቷ፣ ከቤት ውጭ ለብቻዋ የሮጠችበት የመጀመሪያው የዓለም ወርቅ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የመጀመሪያውን የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ወርቅ ያገኘው በዚያው ስታዲየም፣ በዚያው ሳምንት ነው፤ እኛ የእሱን ስናስታውስ የእሷ ጎን ለጎን ነበር።

በ1995 ጎተንበርግ ላይ የ200 ሜትር ወርቁን ደገመችው። እውነቱን ለመናገር እዚያ ቀድማ የገባችው ቶረንስ ነበረች፤ ኩርባው ላይ የመስመሯን ጠርዝ ረግጣ ተሰረዘች፣ ወርቁ ለሜርሊን ሆነ። ለብዙ ዓመት ዕድል ስትሸሻት የኖረች ሴት አንዴ ዕድል ወደ እሷ ቢያዘነብል አልቀናባትም።

ከዚያ አትላንታ፣ 1996፤ የእኛዋ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ ያመጣችበት ኦሊምፒክ። የ100 ሜትር ፍጻሜ ላይ ዴቨርስና ሜርሊን ዳግመኛ እኩል ደረሱ። ሁለቱም 10.94። ዳግመኛ ፎቶ፣ ዳግመኛ ሺኛ፣ ዳግመኛ ዴቨርስ። በ200 ሜትር ማሪ ዦዜ ፔሬክ ቀደመቻትና ሜርሊን ሌላ ብር ጨመረች፤ በዱላ ቅብብሉ ደግሞ ነሐስ። ብዙ ሰው ለኦሊምፒክ ወርቅ የመጨረሻው በር እዚያ ተዘጋ ብሎ ጻፈ። እሷ ከአትላንታ ተነሥታ ሚላን ሄደችና ቅድም የነገርኳችሁን 10.74 ሮጠች።

በ1997 አቴንስ ላይ የዓለም ሻምፒዮና 100 ሜትር ፍጻሜ ላይ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። አጀማመሩ ስሕተት ነበርና ጀማሪው ሁለተኛ ተኩሶ ሩጫውን አስቆመ። ሌሎቹ ቆሙ። ሜርሊን አልሰማችም። ከግማሽ መንገድ በላይ በሙሉ ኃይሏ ሮጠች። የ37 ዓመት እግር ያለውን ሁሉ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ መነሻው ተመለሰችና እንደገና እንድትሮጥ ተደረገ። ሰባተኛ ሆነች። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሻንጣውን ይሸክፋል። እሷ በ200 ሜትር ተሰልፋ ነሐስ አገኘች፤ 22.40። ብሩን የወሰደችው የስሪላንካዋ ሱሳንቲካ ጃያሲንግ ሰዓት ስንት ነበር? 22.39።

በ1999 ክረምት ሉሰርን ላይ የሰጠችው የሽንት ናሙና ናንድሮሎን የተባለው የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘበት ተባለ። ይህንን ዘልዬ ባልፈው ታማኝ አልሆንላችሁም። የሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና አመለጣት። የጃማይካ ፌዴሬሽን ጉዳዩን መርምሮ ነጻ አላት፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አልቀበል ብሎ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ፤ የግልግል ዳኞቹም በ2000 ክረምት ነጻ አደረጓት። ሜርሊን ከመጀመሪያው ጀምሮ ምንም እንዳልወሰደች ስትናገር ነበር። የዳኞቹ ውሳኔ በጽሑፍ ያለ ነው፤ እኔም እሱን እይዛለሁ። ነጻ ተብሎ የወጣን ሰው በጥርጣሬ ማሰር ፍርድ አይደለም።

ሲድኒ ላይ የጠበቃት ግን ሌላ ፈተና ነው። የጃማይካ የቡድን ምርጫ ሥርዓት ግልጽ ነው፤ በአገር ውስጥ ማጣሪያ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ይሮጣሉ። ሜርሊን አራተኛ ነበረች። የማጣሪያው አሸናፊ ፒታ ጌይ ዳውዲ ነበረች። ኃላፊዎቹ የዳውዲን ቦታ ወስደው ለሜርሊን ሰጡ። በኦሊምፒክ መንደር ውስጥ የጃማይካ አትሌቶች ሰልፍ ወጡ፤ ነገሩ እስከ ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ማስጠንቀቂያ ደረሰ። የምርጫ ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ማን ሚኒማ አሟላ፣ ማን ቀረ፣ ማን በማን ተተካ እያልን ስንት ዓመት ተነታርከናል።

እኔ የማስበውን በግልጽ ልናገር። ዳውዲ ተበድላለች። ማጣሪያ ተብሎ ከተጠራ ያሸነፈው መሮጥ አለበት፤ ያለበለዚያ ወጣቶቹ ማጣሪያውን ለምን ይሮጡታል? ጥፋቱ ግን የኃላፊዎቹ ነው እንጂ የሯጯ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሃያ ዓመት የአገሯን ማልያ የለበሰች ሴት፣ የአገሯ ልጆች «አትሩጪ» ብለው ሲጮኹባት መስማቷ ነው። በዚያ ስሜት ውስጥ ሆና ፍጻሜ ደረሰች። ማሪዮን ጆንስ 10.75፣ ኤካተሪኒ ታኑ 11.12፣ ታይና ሎውረንስ 11.18፣ ሜርሊን ኦቲ 11.19። አሁንም አንድ መቶኛ።

እስቲ አብረን እንደምር። ሞስኮ ላይ ከብሩ 0.01፤ ሽቱትጋርት ላይ ከወርቁ በሰሌዳ ሰዓት 0.00፤ አትላንታ ላይ ከወርቁ 0.00፤ አቴንስ ላይ ከብሩ 0.01፤ ሲድኒ ላይ ከነሐሱ 0.01። በ20 ዓመት ውስጥ፣ በአምስት ታላላቅ ፍጻሜዎች፣ ከፊቷ ካለችው ሴት የለያት ሰዓት በሰሌዳ ሲደመር 0.03 ሰከንድ ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። «ስንት ወርቅ አላት?» የሚለው ጥያቄ ሊያሳየን የማይችለው ይህንን ነው።

የሲድኒው ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። መስከረም 30 ቀን 2000 ምሽት፣ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ የኦሊምፒክ ወርቋን ባገኘችበት በዚያው ምሽት፣ የሴቶች 4 በ100 ሜትር የዱላ ቅብብል ፍጻሜ ነበር። ለጃማይካ ሎውረንስ ጀመረች። ለሁለተኛዋ ሰጠች፤ እሷ ከቪር ቴክኒካል የመጣች የ18 ዓመት ልጅ ናት፣ ስሟ ቬሮኒካ ካምቤል። ካምቤል ለቤቨርሊ ማክዶናልድ፣ ማክዶናልድ ለመጨረሻዋ ተረካቢ፣ ለ40 ዓመቷ ሜርሊን ኦቲ። በአንድ ዱላ ላይ 22 ዓመት ያራራቃቸው የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች እጅ አለፈ። ሜርሊን ሞስኮ ላይ ነሐሷን ስትቀበል ካምቤል ገና አልተወለደችም ነበር። ባሃማስ አሸነፈች፣ ጃማይካ ብር አገኘች።

በ2007 ማሪዮን ጆንስ መድኃኒት ትወስድ እንደነበር አመነች፤ የሲድኒ ሜዳሊያዎቿ ተነጠቁ። በታኅሣሥ 2009 የኦሊምፒክ ኮሚቴው የ100 ሜትሩን ውጤት አስተካከለ፤ ወርቁ ባለቤት አልባ ቀረ፣ ሎውረንስ ወደ ብር ከፍ አለች፣ ሜርሊን ነሐስ ተሰጣት። ዘጠነኛው ሜዳሊያዋ ይኸው ነው። የሮጠችው በ40 ዓመቷ፣ የተፈረደላት በ49 ዓመቷ። ለዚያ ሩጫ መድረክ ላይ ሳትቆም ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አበረታች መድኃኒት የሚሰርቀው ይህንን ነው፤ ሜዳሊያው ቢመለስ ምሽቱ አይመለስም።

ሜርሊን ከ1998 ጀምሮ ልምምዷን ስሎቬኒያ አድርጋ ነበር፤ ሊዩብሊያና ውስጥ፣ በአሠልጣኝ ስርጃን ጆርጄቪች ሥር። በ2002 የስሎቬኒያ ዜግነት ወሰደች። ጃማይካ ውስጥ ያዘኑ ነበሩ፣ የተቆጡም ነበሩ። ስሎቬኒያ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት፤ ዕድሜዋን ሳይሆን ሰዓቷን ጠየቀቻት። ጃማይካም ከዚያ በኋላ አልረሳቻትም፤ በ2005 ኪንግስተን በሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም ሐውልቷን አቆመችላት።

በ2004 አቴንስ ላይ በ44 ዓመቷ ለስሎቬኒያ ተሰለፈች፤ ሰባተኛ ኦሊምፒኳ ነበር። በ100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ በ200 ሜትርም እንዲሁ፣ እዚያ ግን ጉዳት አስቆማት። ያንን የ200 ሜትር ወርቅ ማን ወሰደችው? ቬሮኒካ ካምቤል። ለጃማይካ ሴቶች በአጭር ርቀት ያለ መሰናክል ሩጫ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ ሼሊ አን ፍሬዘር በ100 ሜትር ወርቁን ስትወስድ ብሩንም ሁለት ጃማይካውያት ተካፈሉት። ያች ሼሊ አን በበኩሏ ልጅ ወልዳ ተመልሳ፣ በ2022 በ35 ዓመቷ አምስተኛ የ100 ሜትር የዓለም ወርቋን አገኘች። ሴት በዚያ ዕድሜ በ100 ሜትር አትችልም የሚለውን ነገር ለዚህ ትውልድ አስቀድማ ያፈረሰችው ማን እንደሆነች አሁን አውቃችኋል።

በ2007 ኦሳካ ላይ በ47 ዓመቷ በዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ 11.64 ሮጠች፤ አላለፈችም። ከሚላኑ 10.74 ጋር አነጻጽሩት። በ11 ዓመት ውስጥ ዕድሜ የወሰደባት 0.90 ሰከንድ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ አሠልጣኞች ይህን ቁጥር ከእኔ የተሻለ ታነቡታላችሁ። ለቤጂንግ ኦሊምፒክ ሚኒማውን ለማሟላት ሞከረች፣ አልሆነላትም። በ2010 ባርሴሎና ላይ፣ በ50 ዓመቷ፣ በአውሮፓ ሻምፒዮና ለስሎቬኒያ የዱላ ቅብብል ቡድን የመጨረሻዋ ተረካቢ ሆና ሮጠች። በ2012 የአውሮፓ ሻምፒዮና ሄልሲንኪ ነበር፤ በ1983 የመጀመሪያውን የዓለም ብሯን ባገኘችበት በዚያው ስታዲየም። 52 ዓመቷ ነው፤ ዱላውን ያቀበለቻት ወጣት ልጇ ልትሆን ትችላለች። ስሎቬኒያ ለፍጻሜ አላለፈችም።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ለጥያቄያችሁ ጊዜ ልስጥ። ቅድም የነገርኳችሁ የሊዬቫኑ የቤት ውስጥ 200 ሜትር ሰዓት፣ 21.87፣ ከ1993 ጀምሮ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ከቤት ውጭ ከሜርሊን የፈጠኑ ሴቶች መጥተዋል፤ በ100 ሜትርም በ200 ሜትርም። ጣሪያ ሥር ግን፣ በዚያ ጠባብ ኩርባ ላይ፣ ያንን ሰዓት የሰበረ የለም።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ አጭር ርቀት የምታሠለጥኑ፣ እጃችሁን አውጡ።